ከባዱ ሻንጣ

ደብረ ብርሃን
መስከረም 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን ለውብአየሁ፣ ባለሽበት በሲያትል፤

ዘመኑን ለአንቺም ለልጅሽ ለኖላዊትም የጤና ያድርግላችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድም ትተሽው እንደሄድሽው ነው፤ ማንም አልወሰደውም።

ስልክ ለምን አይደውሉም ብለሽ ባለፈው ወቅሰሽኛል። በሰፈሩ ስልክ ያለው ጎረቤታችን አሰፋ ነው። የእሱ ስልክ ደግሞ ሳሎኑ መሃል ነው የተቀመጠው። እዚያ የተነገረ ነገር እኔ ቤቴ ሳልደርስ ገበያ ይደርሳል። ደብዳቤ ይሻለኛል።

ዋናውን ልንገርሽ። አቤል ሊያገባ ነው! አዎ፣ እኛ ቤት ተቀምጠሽ ስትማሪ በጀርባሽ አዝለሽው ወፍጮ ቤት ትሄጂ የነበረው አቤል። ልጅቷ ትርሲት ትባላለች፤ የእህል ነጋዴው የአማረ ልጅ ናት። አማረን ታስታውሺው ይሆናል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ትልቁ መጋዘን የእሱ ነው። ሽማግሌ ብንልክበት መለሰን፣ ደግመን ብንልክ መለሰን፣ በስንት ልመና እሺ አለ። ጥሎሹ ጥር 2፣ ሰርጉ ጥር 16 እንዲሆን ተቆርጧል።

እንግዲህ እኔ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረተኛ ነኝ፤ ለጥሎሽ ብርድ ልብስ አልሰጥ! አማረ ደግሞ ሰው ፊት ዕቃ ሲወጣ ዓይኑ ሚዛን ነው። ስለዚህ ገንዘብ ላኪ አልልሽም፤ እዚያ ያለውን ዕቃ የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንድ ቀሚስ፣ ጫማ፣ ሰዓት፣ ሽቶ፣ በአንድ ሻንጣ የሚሆን ነገር ብታዘጋጂልን አንድ ልጃችንን በወግ እንድራለን። ይህ ልጅ ካገባልኝ ሌላ ነገር ከእግዚአብሔር አልለምንም።

እትዬሽ ሥራዬ ሰላም ብላሻለች።

ወንድምሽም አባትሽም የሆንኩ ገብረሕይወት

•

ኬንት
ኦክቶበር 26 ቀን 2003

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ጋሼ ገብረሕይወት፤

ጤናዎን፣ የቤትዎን ሰላም፣ የጉልበትዎን ነገር ሁሉ እየጠየቅሁ ነው የምጀምረው። እልልልል! አቤልዬ! ደብዳቤውን ሥራ ቦታ ነው የከፈትኩት። ወጥ ቤት ውስጥ እልል ብዬ ሁሉንም አስደነገጥኳቸው፤ አንዱ ልጅ የተቃጠልኩ መስሎት ውኃ ይዞ መጣ።

አዲሱን ነገሬን ልንገርዎት። ከሲያትል ለቅቄ ኬንት ገብቻለሁ፤ ቤቱ እዚህ ይረክሳል። ጠዋት ጠዋት በባቡር እየሄድኩ ካፒቶል ሂል አንድ የጃፓኖች ምግብ ቤት ነው የምሠራው። ባለቤቷ ሚስስ ኖዳ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ቁጡ ናቸው፣ ግን ፍትሐዊ ናቸው። ሩዙን ሳጥብ እንኳ ቆመው ያዩኛል። ኖላዊት አድጋለች፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ እኔም ሲሰለቸኝ ኦኬ ብዬ እተዋለሁ።

ሶ፣ የጥሎሹን ነገር ለእኔ ይተዉት። የልጅቷን የጫማ ቁጥር ብቻ ይላኩልኝ።

አንድ ነገር ግን ከብዶኛል፤ ልጠይቅዎት። "ሥራዬ ሰላም ብላሻለች" ብለው ብቻ አለፉ። እትዬ ሥራዬ እኮ በእርስዎ ደብዳቤ ግርጌ በገዛ እጃቸው አንድ መስመር ሳይጨምሩ ቀርተው አያውቁም። "ውቤ፣ ብርድ ልብስ ደርበሽ ተኚ" ነበር ሁልጊዜ የሚሉኝ፤ እዚህ በጋ ቢሆንም። ያቺ መስመር ባለፈውም አልነበረችም። ተቀይመውኝ ነው? ወይስ አመማቸው? እባክዎ አይደብቁኝ።

ልጅዎ ውብአየሁ

•

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለውብአየሁ፤

ከነልጅሽ፣ ከነጃፓኗ አሠሪሽ ጤና ያድርግሽ። አቤል ሳምልኝ ብሏል። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ከጠየቅሽ ዳገት ላይ ይሰድበኛል፣ ቁልቁለት ላይ ዝም ይላል።

ቀሚሱን ተዪው። ትርሲት አዲስ አበባ እያሰፋች ነው፤ የሌላ ሰው ምርጫ አልለብስም ብላለች አሉ። ጫማ 38፣ ሰዓቱ ወርቃማ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ ይሁን። ለአማረ እናት ለእማሆይ ምን እንደሚሆን ግን አላውቅም። ሽማግሌ ይዘን ስንሄድ ሁሉ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ቀብረው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ቁጭ ብለው የሚያዩን እሳቸው ናቸው። አማረን የሚፈራ ሰው ሁሉ እናቱን አላያቸውም።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ። ሥራዬ አልተቀየመችሽም። እንዳትጽፍላት ብላ አስምላኛለች፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሰኔ ላይ ጓሮ ጭቃው አዳልጧት ወደቀች። ቀኝ እጇ ተሰበረ። ወጌሻው አሸው፣ አሰረው፣ ዳነ አለ፣ እጇ ግን አልጨብጥ አለ። ጣቶቿ ግማሽ መንገድ ሄደው ይቆማሉ። እስክሪብቶ ይወድቅባታል። ማማሰያ ይወድቅባታል። ባለፈው ድስት ላይ ቆማ ጭልፋው አመለጣትና ወጡ ውስጥ ሰጠመ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወጥ ቤት አትገባም።

የዚህን ሰፈር ሰርግ ሁሉ ማን ሲሠራ እንደኖረ አንቺ ታውቂያለሽ። ሰው ሚዜ ሳይመርጥ ሥራዬን ነበር የሚይዘው። አሁን የራሷ ልጅ ሊዳር "ወጥ ሠሪ ፈልጉ፣ እኔ እንግዳ ሆኜ እቀመጣለሁ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን ልበላት? በሩን ዘግታ ስታለቅስ ሰማኋት።

እንደነገርኩሽ እንዳታውቅ።

ገብረሕይወት

•

ኬንት
ዲሴምበር 7 ቀን 2003

ለክቡር ጋሼ ገብረሕይወት፤

ለእርስዎም ለእትዬም እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ባቡር ውስጥ አነበብኩት፤ ሳለቅስ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ሶፍት ሰጠኝ። ለእትዬ እንደነገሩኝ ትንፍሽ አልልም። ግን እጄን አጣጥፌም አልቀመጥም።

ለሚስስ ኖዳ ነገርኳቸው። ሰሙኝና "የእናቴም እጅ እንዲሁ ነበር" አሉኝ። ምግብ ቤቱ በሚዘጋበት ቀን በመኪናቸው መጥተው ወደ ጃፓኖች ገበያ ወሰዱኝ። ጋሼ፣ ያደረጉኝን ቢያዩ! የጭልፋ መደርደሪያው ፊት አቁመው ቀኝ እጄን በወጥ ቤት ፎጣ ጠቀለሉና ጣቶቼ እንዳይታጠፉ አድርገው አሰሩት። ከዚያ ከሻጩ ውኃ በጎድጓዳ ሳህን አስመጡና "በይ ጭለፊ" አሉኝ። ሰው ሁሉ ያየናል። ይሄኛውን ስይዝ ይወድቃል፣ ያኛውን ስይዝ ይወድቃል፣ ጌጠኛውና ውዱ ሁሉ ከእጄ እያመለጠ ወለሉን አራስነው። ሻጩ መወልወያ ይዞ ይከተለናል።

መጨረሻ ላይ አንዱ ቀረ። አልወደቀም! ምንም ጌጥ የለውም፣ ልሙጥ ስቴንለስ ነው። እጀታው ወፍራም ነው፣ ግን ውስጡ ባዶ ስለሆነ አይከብድም፤ ሳይጨብጡት መዳፍ ላይ ይተኛል። ጫፉ ትንሽ ወደ ታች ይጎብጣል፣ ስለዚህ የእጅ አንጓ ማጠፍ አያስፈልግም። በግራም በቀኝም ሲያፈሱበት አይንጠባጠብም። አንገቱ ላይ እንደ ጥፍር ያለች ነገር አለችው፤ በእሷ የድስቱ ከንፈር ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ወጥ ውስጥ አይሰጥምም። ይህን የሠራው ሰው ወጥ ቤት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ነው። "ይሄ ነው" አሉኝ ሚስስ ኖዳ፣ ፎጣውንም ፈቱልኝ።

ከእሱ ዓይነት ረጅሙን ለሰርግ ድስት፣ አጭሩን ለቤት ገዛሁ። ማጥለያ፣ መቆንጠጫ፣ የድንች መላጫ፣ ወፍራም ድስትም ከነክዳኑ ጨመርኩ፤ ሁሉም እጀታቸው እንደዚያው ነው። ቢላዋ በስጦታ መላክ ደስ ስላላለኝ ተውኩት።

ዕቃዎቹን እዚህ ያለችው ጓደኛዬ ወርቅዬ ናት የምታመጣልዎት፤ ለገና ወደ አገር ቤት እየሄደች ነው። ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር የሐበሻ ሱቁ በር ላይ አስረከብኳት። ሁለት ሻንጣ ነው፣ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት። ዋጋ ሲቀንስ ጊዜ አብሬ ስለገዛኋቸው ነው። ቀላሉ የጥሎሹ ነው፤ ጫማው፣ ሰዓቱ፣ ሽቶው፣ ሐር ሻሽና የአንገት ወርቅም አለበት። ከባዱ የእትዬ ሥራዬ ነው። ለወርቅዬም ነግሬያታለሁ። ሻንጣውን ካስረከብኳት በኋላ ስለጻፍኩት ይህን ደብዳቤ በፖስታ ልኬዋለሁ።

እትዬን ደግሞ አደራ፣ ቡፌ ውስጥ ደርድረው እንዳይቆልፉበት!

ልጅዎ ውብአየሁ

•

ደብረ ብርሃን
ጥር 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

ውብአየሁ፤

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ። ጉድ ሆነናል።

ወርቅዬ አሰፋ ስልክ ላይ ደውላ ቀጠረችኝና አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አገኘኋት። መኪናው ሊነሳ ነው፣ ረዳቱ ይጮሃል፣ እኔ ጣራ ላይ ሻንጣ አሳስራለሁ። እሷ አንዱን ሻንጣ መታ መታ እያደረገች የሆነ ነገር ብላኛለች። እሺ፣ እሺ አልኳት። ምን እንዳለች ብትጠይቂኝ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ሁለቱንም አነሳኋቸው። አንዱ በጣት ይነሳል፣ ሌላው ክንዴን ሊገነጥለው። ቀላሉ ለእኛ የተላከ ልብስ ነው ብዬ ጥግ አስቀመጥኩት፤ ጥሎሹ የሚከብደው ነው አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ውቤ ለጋስ ናት፣ ካልኳት በላይ ጨምራበታለች ብዬ ኮራሁ። ሥራዬ "እስቲ ከፍተን እንየው" ብትለኝ "የጥሎሽ ሻንጣ ከቀኑ በፊት አይከፈትም" ብዬ ተቆጣኋት። ይሄ ደንብ ከየት እንደመጣ እኔም አላውቀውም፤ ያን ዕለት ነው የፈጠርኩት።

ጥር 2 አማረ ቤት ሄድን። ሚዜዎቹ ሻንጣውን ሲያነሱ ወገባቸው ጎበጥ ሲል አማረ እንዲያይ ብዬ በዝግታ አስኬድኳቸው። ዕቃ እያነሳ የሚያሳየው አሰፋ ነው፤ ድምፁን ታውቂዋለሽ። ከፈተ። እጁን ሰደደ። "ከአሜሪካ የመጣ!" ብሎ ወደ ላይ አነሳው። ሴቶቹ እልል ማለት ጀመሩ፣ መሃል ላይ ቆረጡት። አሰፋም ቀና ብሎ እጁን አየና "ጭልፋ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

እዚያ ላይ ቢያቆም! ከሥር ወርቅ ይኖራል ብሎ ነው መሰለኝ መቆፈሩን ቀጠለ። ሌላ ጭልፋ። ማጥለያ። መቆንጠጫ። የድንች መላጫውን ሲያወጣ ልጆቹ ሳቁ። ድስቱን ሲያገኝ ፊቱ በራ፣ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን አየ፤ ባዶ። ቢላዋ አለመጨመርሽን እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እሱ ቢወጣ ኖሮ አማረ ያን ዕለት ይጠቀምበት ነበር።

የትርሲት አክስት "ልጃችን ወጥ ቤት ልትቀጠር ነው እንዴ?" አለች። አማረ ተነሳ። "ገብረሕይወት፣ ልጄን በድስት ልትለውጣት ነው የመጣኸው?" አለኝ። "ሂዱ። ሰርግ የሚባል ነገር አልሰማሁም" ብሎ በሩን አሳየን። ሻንጣውም እዚያው ቀረ።

ቤት ገብቼ ቀላሉን ሻንጣ ስከፍት ጫማው፣ ሰዓቱ፣ ወርቁ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ደብዳቤሽ ደግሞ ትናንት ደረሰኝ! ለሥራዬ አነበብኩላት። ፎጣው ጋ ስደርስ እጇን አየችው። ከዚያ "በእኔ እጅ የተነሳ ልጄ ሳያገባ ሊቀርብኝ ነው" ብላ አለቀሰች። አቤል እህል አይቀምስም።

ነገ አሰፋን ትክክለኛውን ሻንጣ አስይዤ እልከዋለሁ። ደብዳቤሽን ካላሳየሁ ግን ማን ያምነኛል? ደብዳቤው ላይ ደግሞ የሥራዬ እጅ አለ፤ ለሰባት ወር ከሰው የደበቀችው። ጠየቅኋት። "ይነበብ" አለች። "እጄ ሰው ፊት ይውጣ፤ ልጄ ያግባ።"

በአንቺም ተናድጃለሁ። ምን ነበረበት አንዱን ሻንጣ ቀይ ብትገዢ! ይህን ደብዳቤ ወደዚያ ለምትመለሰው ለወርቅዬ ነው የሰጠኋት፤ በእሷም ቅር ብሎኛል። ጸልዩልን።

ገብረሕይወት

•

ኬንት
ጃንዋሪ 25 ቀን 2004

ለጋሼ ገብረሕይወት፤

እግዚአብሔር ነገሩን አብርዶት ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኛችሁ።

ወርቅዬ ደብዳቤዎን ሰጥታኝ ስታበቃ "እኔ ነግሬያቸዋለሁ!" ብላ ማለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሰፋ ቤት ኮል ሳደርግ ሳምንት ሆነኝ፤ አንዴ መስመሩ ተይዟል፣ አንዴ ይጮሃል ማንም አያነሳም፣ አንዴ ደግሞ ወልድያ ያለ ሰውዬ አንስቶ ስለ ጤንነቴ ጠየቀኝ።

ዛሬ እሁድ ጥር 16 ነው። እኔ ይህን ስጽፍ እዚያ መሽቷል። ወይ ሙሽራዋ ገብታለች፣ ወይ ቤቱ ጨለማ ነው። አላውቅም። ጠዋት ሥራ ገብቼ ዳይከን የሚባለውን እንደ ካሮት ያለ ነጭ ሥር ስልጥ እጄን ቆረጥኩት። ሚስስ ኖዳ ቢላዋውን ቀሙኝና "ተቀመጪ፣ ዛሬ ያንቺ ሰርግ ነው" አሉኝ። ኖላዊት እንኳ አሥር ጊዜ "ዲድ ዘይ ጌት ሜሪድ?" ትለኛለች። ተጋቡ ወይ ማለቷ ነው።

ስለ ቀዩ ሻንጣ ግን ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ቀይ ብገዛስ ያዳምጡ ነበር? ቀዩ ይደምቃል ብለው እሱን ይወስዱ ነበር! ተናድጄ ነው፣ አይፍረዱብኝ። የእትዬ "ይነበብ" ማለት አንጀቴን በላው። እንዲቀላቸው ብዬ የላክሁት ነገር እጃቸውን አደባባይ ካወጣው፣ ልጃቸውንም ካስቀረባቸው፣ ምን ብዬ እኖራለሁ?

ምርቃትም ሰላምታም አልጠብቅም። አንድ መስመር ብቻ ይላኩልኝ።

ውብአየሁ

•

ደብረ ብርሃን
የካቲት 1 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጃችን፣ ለቤታችን አለኝታ ለውብአየሁ፤

ባለፈው ያስቀረሁትን ሰላምታ ከነወለዱ ይኸው። ጤናሽ ይብዛ፣ እጅሽ ይባረክ፣ የኖላዊት ሰርግ ላይ ያቁምሽ፣ አሠሪሽንም ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ።

ልጁ አገባ! እፎይ! አሁን ቀስ ብዬ ልንገርሽ፤ ቁጭ በይ።

አሰፋ ሻንጣውንና ደብዳቤሽን ይዞ ሲሄድ አማረ በር አልከፍትም አለ። ሊመለስ ሲል አንዲት ልጅ በጓሮ በኩል ጠራችው፤ ትርሲት ናት። "አያቴ ይፈልጉሃል" አለችው። ቢገባ እማሆይ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ከነጠላው ወጥቷል። አጭሩን ጭልፋ ይዘዋል። ጣቶቻቸው በቁርጥማት የተጣመሙ ናቸው፤ ለካ እጃቸውን የሚደብቁት በኩራት አልነበረም! ስንት ዓመት ምራታቸው ነበረች የምታጎርሳቸው። የጥሎሹ ዕለት እኛ ተባረን ስንወጣ ዕቃው ወለሉ ላይ ተበትኖ ቀርቷል፣ ቤቱ ይጯጯሃል፣ እሳቸው ደግሞ ያቺን ጭልፋ አነሷት። ሳትወድቅባቸው ቀረች። ማታ ሽሯቸውን በገዛ እጃቸው ጨለፉ። ለማንም አልተናገሩም፣ ጭልፋዋን ትራሳቸው ሥር አድርገው አደሩ።

ለአሰፋ "ይቺን የመረጠው ማነው?" አሉት። ደብዳቤሽን ሰጠ፣ ትርሲት አነበበችላቸው። ፎጣው ጋ ስትደርስ ድገሚው አሏት። ሥራዬ ጋ ስትደርስ ደግሞ ትርሲት አቅቷት ቆመች አሉ። ከዚያ አማረን አስጠሩት። "የታመመ እጅ የሚያውቅ ዘመድ ያለው ቤት ነው ይሄ" አሉት። "ልጄን በድስት አልክ። እኔን በስንት ዓመት በጭልፋ ያሰበኝ የለም፣ አንተንም ጨምሮ። ሂድና ይቅርታ ጠይቅ።"

መጣ! አማረ፣ እኔ ቤት! ትክክለኛውን ሻንጣ አሰፋ እዚያው ትቶለት ኖሮ እጁ ላይ ይዞታል፤ ሰው ፊት እንደገና ይከፈት ብሎ። አንስቶ መዘነና "ገብሬ፣ ይሄማ ቀላል ነው" አለኝ። ሁለታችንም ሳቅ ገደለን። እኔም ጥፋቴን ነገርኩት፤ በክብደት እንደመረጥኩ። "እኔም ብሆን ከባዱን ነበር የማነሳው" አለኝ። እህል ነጋዴ አይደል!

ከጥምቀት በኋላ እማሆይ ራሳቸው ሥራዬን ሊጠይቁ መጡ፤ ረጅሙን ጭልፋና ሌላውን ዕቃ ሁሉ አስይዘው። አጭሯን ግን "እሷን አልመልስም፣ ብትከሱኝም አልመልስም" አሉ። ሁለቱ በሩን ዘግተው ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ሲስቁ ግን ሰማሁ። ሥራዬን ስትስቅ ከሰኔ ወዲህ ገና መስማቴ ነው። እማሆይ እንደወጡ ሥራዬ ነጠላዋን አደግድጋ ወጥ ቤት ገባችና ለቀጠርናት ወጥ ሠሪ "ሽንኩርቱ ገና ነው፣ ተነሺልኝ" አለቻት። ምስኪኗ ተነሳች።

የሰርጉ ዕለት ሙሽሮቹ ገብተው እንደተቀመጡ ሥራዬ ድስቱ ጋ ሄደች። ጭልፋው የድስቱ ከንፈር ላይ እንዳልሽው ተንጠልጥሏል። በቀኝ እጇ ያዘችው፤ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እጇን ያያል፣ አልደበቀችውም። ጨለፈች። እስከ ትርሲት ሳህን አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። ትርሲትም ተነስታ ያንን እጅ ሳመችው። እኔ አለቀስኩ፤ አማረም አልቅሷል፣ ቢክድም እንዳታምኚው።

ቀይ ሻንጣም ብትገዢ እሳሳት ነበር፤ እውነትሽን ነው። አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለሥራዬ አጭሯን ጭልፋ ላኪላት፣ የእሷን እማሆይ በልተውባታል። የአማረ ሚስትም ለራሷ አንድ ብላለች፣ አሰፋም ለሚስቱ ብሏል፤ እሱን እንኳ ተዪው፣ ጤነኞች ናቸው።

አንድ መስመር ላኩልኝ ብለሽ ጽፈሽ ነበር፤ ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰን። ሥራዬ ስትሰማው ወረቀቱን ቀማችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው።

ገብረሕይወት

ውቤ እኔ ነኝ። እስክሪብቶውን የጋሼሽን ካልሲ ጠቅልዬበት የጭልፋውን እጀታ እስኪያክል አወፈርኩት፣ እሺ ብሎ ተያዘልኝ። ፊደሉ ተንጋደደ እንጂ የገዛ እጄ ነው። ብርድ ልብስ ደርበሽ ተኚ።